የመኪና እስትንፋስ፦ ሰፊ የአየር ቱቦ ጉልበት ይጨምራልን?

ባለፈው ዓመት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ በአጎቱ መኪና ተሳፋሪ እያመላለሰ የሚተዳደር ወጣት ነው። መኪናዋ 1,500 ሲሲ ሞተር ያላት፣ ዕድሜዋ የገፋ የቤት መኪና ናት። ስልኩን አውጥቶ አንድ የሚያብረቀርቅ ቱቦና ጫፉ ላይ የተሰካ የሾጣጣ ቅርጽ ያለው ፊልትሮ ፎቶግራፍ አሳየኝ።

«ዶክተር፣ እስቲ ያማክሩኝ። ይህን ከገጠምኩ የሞተሩ ጉልበት በ15 ከመቶ ይጨምራል፣ ነዳጅም ይቆጥባል ብለውኛል። ዋጋው ግን የሦስት ወር ቁጠባዬን በሙሉ የሚወስድ ነው። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?»

ወዲያውኑ «ይቅርብህ» ብዬ ላሰናብተው ይቻለኝ ነበር። ነገር ግን መምህር ነኝና መልሱን ከእኔ አፍ ሰምቶ ከሚሄድ ይልቅ በስሌት ቢደርስበት መረጥኩ። አንድ ነጭ ወረቀት አውጥተን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋን። ውድ አንባብያን፣ በዚያ ወረቀት ላይ የሰፈረውን ስሌት ከነምክንያቱ እነሆ አቀርብላችኋለሁ። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የዘለለ ዕውቀት አይጠይቅም።

ሞተር የሚተነፍሰው ምን ያህል ነው?

የቤንዚን ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ በማቃጠል ነው። 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ቤንዚን ለመጨመር አያስቸግርም፤ ነዳጅ የሚረጨውን መሣሪያ ጥቂት ማስረዘም ይበቃል። አስቸጋሪው በቂ አየር ወደ ሲሊንደሩ ማስገባት ነው። ስለዚህ የአንድ ሞተር ከፍተኛ ጉልበት የሚወሰነው በእያንዳንዱ እስትንፋሱ በሚስበው አየር መጠነ ቁስ ነው ማለት ይቻላል። የአየር ማስገቢያ ሻጮች ንግግራቸውን የሚጀምሩት ከዚሁ እውነት ነውና እስከዚህ ድረስ ከእነርሱ ጋር እንስማማለን።

ባለ አራት ምት ሞተር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ሙሉ ይዘቱን ያህል አየር ይስባል። የተማሪዬ መኪና ሞተር 1.5 ሊትር ይዘት አለው። በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሽከረከር 3,000 ጊዜ ይስባል፤ ይህም በደቂቃ 4,500 ሊትር መሆኑ ነው። ሲሊንደሮቹ በተግባር ሙሉ በሙሉ ስለማይሞሉ ከዚህ ጥቂት እንቀንስ። ያም ሆኖ አንድ ያረፈ ሰው በደቂቃ 7 ሊትር ገደማ አየር እንደሚተነፍስ ስናስብ፣ ይህች ትንሽ ሞተር በአንድ ትልቅ አዳራሽ የተቀመጡ 500 ያህል ሰዎችን የምታህል ተንፋሽ ናት።

ይህ ሁሉ አየር በአንድ ቱቦና በአንድ የወረቀት ፊልትሮ ውስጥ ያልፋል። ታዲያ ቱቦው ቢሰፋና ፊልትሮው ቢሳሳ አየሩ በብዛት አይገባምን? ጥያቄው ተገቢ ነው። ሊመለስ የሚገባው ግን በ«ስንት?» ነው።

አዲስ አበባ የምትወስደው ሩብ

ወደ ቱቦው ከመሄዳችን በፊት ቱቦው የሚስበውን አየር እንመልከት። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ግን ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። የአየር ግፊት የሚለካ ስልክ ያላችሁ አንባብያን ይህን ራሳችሁ ልታነቡት ትችላላችሁ። የአየሩ እፍግታም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ በባሕር ጠለል 1 ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን፣ በአዲስ አበባ 0.9 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል።

በመሆኑም በፋብሪካው ሰነድ ላይ 110 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር አዲስ አበባ ላይ የሚሰጠው 80 ገደማ ነው። ሩብ ያህሉን ከፍታው ወስዶታል። ወደ አዋሽ ሸለቆ የወረዱ ሹፌሮች «መኪናዬ እዚያ ሌላ መኪና ሆነች» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። የእንጦጦን ዳገት ስትወጣ የምታቃስተው መኪናም ታማ ላይሆን ይችላል። መካኒኩ «ታፍናለች» ሲል ስሜቱ ትክክል ነው፤ ያፈናት ግን ቱቦው ሳይሆን የቀጠነው አየር ነው።

ይህን የሚመልሰው አየሩን ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ እ.ኤ.አ. በ1905 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት የቱርቦ አሳብ ለዚህ ዓይነተኛ መፍትሔ ሆኗል። ዛሬ የጭነት መኪኖቻችን ከጅቡቲ ወደብ ተነሥተው የመሐል አገሩን ተራሮች የሚወጡት በቱርቦ እየታገዙ ነው። ተራ ቱቦ ግን የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ በውጭ ካለው ግፊት የበለጠ ግፊት ሊፈጥር አይችልም። የቱቦው ከፍተኛ ተስፋ በውጭ ያለውን 76 ኪሎ ፓስካል ሳይቀንስ ማድረስ ብቻ ነው።

ቱቦው የሚያባክነው ስንት ነው?

አሁን ስሌቱ ቀላል ይሆናል። የፋብሪካው ፊልትሮና ቱቦ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሳለ 2 ኪሎ ፓስካል ያባክናሉ እንበል። ንጹሕ ፊልትሮ ላለው ተራ መኪና ይህ ከእውነታው የራቀ ግምት አይደለም። አዲሱ ዕቃ ይህን ብክነት በግማሽ ቢቀንስልን ያተረፍነው 1 ኪሎ ፓስካል ነው። 1 ለ76 ሲካፈል 1.3 ከመቶ ይሆናል፤ ከ80 የፈረስ ጉልበት ላይ 1 የፈረስ ጉልበት ማለት ነው። ብክነቱን ፈጽሞ ቢያጠፋልን እንኳ ትርፋችን 2 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው።

የ15 ከመቶውን ተስፋ በተቃራኒው እንመርምረው። ቱቦ በመቀየር ብቻ 15 ከመቶ እንዲገኝ ካስፈለገ፣ የፋብሪካው ቱቦ አስቀድሞ 10 ኪሎ ፓስካል ያህል እያባከነ መሆን አለበት። 10 ኪሎ ፓስካል የ1 ሜትር ከፍታ ያለው የውኃ ዓምድ የሚፈጥረው ግፊት ነው። መኪና ሠሪዎች ለግማሽ ፈረስ ጉልበት ሲሉ ወራት በሚደክሙበት ገበያ ይህን ያህል ጉልበት በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ትተው ይሄዳሉ ብሎ ማመን ያስቸግራል።

ሌላም ነገር አለ። በቱቦ ውስጥ የሚባክነው ግፊት ከፍሰቱ ፍጥነት ስኩዌር ጋር በግምት ይመጣጠናል። ፍሰቱ በግማሽ ሲቀንስ ብክነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ወደ ሲሶ ሲቀንስ ደግሞ ወደ አንድ ዘጠነኛ። ተማሪዬ ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ በተጨናነቀ መንገድ ሲያሽከረክር ሞተሩ የሚዞረው በ2,000 ዙር አካባቢ ነው። በዚህ ሁኔታ የቱቦው ብክነት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ያችን 1 የፈረስ ጉልበት የሚያገኛት ነዳጅ መስጫውን ወለል ድረስ በረገጠባቸው ጥቂት ቅጽበቶች ብቻ ነው።

ሙቀት የሚያስከፍለው ዋጋ

በገበያ ከሚሸጡት ዕቃዎች ብዙዎቹ ፊልትሮውን ከሳጥኑ አውጥተው በኮፈኑ ሥር፣ ከሞተሩ አጠገብ ገላጣ አድርገው የሚያስቀምጡ ናቸው። የፋብሪካው ሳጥን ግን አፉን ብዙውን ጊዜ ወደ ፊት ወይም ወደ ጎማው አቅጣጫ አዙሮ ከሞተሩ ሙቀት የራቀ አየር ይስባል። ይህ ያለ ነገር አልተደረገም።

የአየር እፍግታ ከፍጹም መጠነ ሙቀቱ ጋር በተቃራኒ ይመጣጠናል። ውጭ ያለው አየር 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው እንበል፤ ይህም 293 ኬልቪን ነው። መኪናው በመንገድ መጨናነቅ ቆሞ ሳለ ከራዲያተሩና ከጭስ መውጫው የሚመጣው ሙቀት በኮፈኑ ሥር ያለውን አየር ወደ 50 ዲግሪ፣ ማለትም ወደ 323 ኬልቪን ቢያደርሰው፣ እፍግታው በ9 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። ወደ ሲሊንደሩ የሚገባ አየር በመንገዱ ላይ ከብረቱ ጋር ተነካክቶ መሞቁ ስለማይቀር ጉዳቱ በተግባር ከዚህ ያነሰ ነው። የሞተር ጉልበት መለኪያ ደንቦች በዚህ ምክንያት የመጠነ ሙቀቱን ስኩዌር ሩት ይጠቀማሉ። በእነርሱ ስሌት ብንሄድ ኪሳራው 5 ከመቶ ገደማ ይሆናል።

ትርፉን ከኪሳራው ጋር እናነጻጽር። ሰፊው ቱቦ 1.3 ከመቶ ሰጠን፤ ሞቃቱ አየር 5 ከመቶ ወሰደብን። እርግጥ መኪናው በፈጣን መንገድ ሲጓዝ በኮፈኑ ሥር ያለው አየር ስለሚቀዘቅዝ ልዩነቱ ይጠባል። በከተማ ውስጥ ለሚውል ሹፌር ግን ገንዘብ ከፍሎ ጉልበት መቀነስ የሚቻል መሆኑን ስሌቱ ያሳያል።

ነፋስን በአፍ መቀበል

አንዳንዶች የቱቦውን አፍ ወደ ፊት አዙረው «መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ራሱ ይገፋል» ይላሉ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 27.8 ሜትር በሚጓዝ መኪና ላይ የነፋሱ ግፊት የእፍግታው ግማሽ በፍጥነቱ ስኩዌር ተባዝቶ ይገኛል። 0.45 በ773 ሲባዛ 350 ፓስካል ገደማ ይሆናል። ይህ ከ76 ኪሎ ፓስካል ውስጥ ግማሽ ከመቶ እንኳ አይሞላም። ለተዋጊ አውሮፕላን ትልቅ ቁም ነገር የሆነው ይህ ግፊት፣ ለቤት መኪና ከነፋስ ድምፅነት ብዙም አያልፍም።

አየሩን አሽከርክረው ያስገባሉ የሚባሉ፣ በቱቦው ውስጥ የሚሰኩ የብረት ክንፎችም አሉ። ክንፎቹ በአየሩ መንገድ ላይ የቆሙ መሰናክሎች ስለሆኑ ብክነቱን ይጨምራሉ እንጂ አይቀንሱም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በተለያዩ ዓመታት ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን መርምሮ፣ ጠቃሚ ሆነው የተገኙት እጅግ ጥቂቶች ሲሆኑ የእነዚያም ጥቅም አነስተኛ ነበር።

የአሮጌው መካኒክ ምክርና አዲሱ መኪና

«ነዳጅ ይቆጥባል» የሚለው ተስፋስ? በዚህ ረገድ በአሜሪካ የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ጥናት ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ተመራማሪዎቹ ሆን ብለው ፊልትሮዎችን እየደፈኑ መኪኖችን ፈተኑ። በኮምፒውተር በሚቆጣጠር የነዳጅ መርጫ የሚሠሩት ዘመናዊ መኪኖች ፊልትሯቸው ቢደፈንም የነዳጅ ፍጆታቸው ጉልህ ለውጥ አላሳየም። የተጎዳው ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ፍጥነት የመጨመር ችሎታቸው ነው፤ ንጹሕ ፊልትሮ ሲገባላቸው ይህ ከ6 እስከ 11 ከመቶ ተሻሻለ። በካርቡሬተር የሚሠሩ የቀድሞ መኪኖች ግን ፊልትሮ ሲቀየርላቸው የነዳጅ ፍጆታቸውም ከ2 እስከ 6 ከመቶ ይሻሻል ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ካርቡሬተር የሚገባውን አየር አይለካም፤ ፊልትሮው ሲደፈን ቤንዚኑን ከሚገባው በላይ ይስባል። ዘመናዊው ሞተር ግን የሚገባውን አየር ለክቶ ቤንዚኑን በልኩ ይረጫል። ከዚህም በላይ፣ ቀስ ብለን ስንነዳ ስሮትል የሚባለው ክዳን ራሱ አብዛኛውን የአየር መንገድ ዘግቶ ይቆያል። ከፊቱ ያለው ቱቦ ጥቂት ቢጠብ እግራችን ሳናውቀው ጥቂት ጠለቅ አድርጎ ይረግጣል፤ ሞተሩም ያንኑ የአየር መጠን ይቀበላል። ሁለት በሮች ያሉት አንድ መንገድ ነው፤ ጠባቡ በር ሳይከፈት ሰፊውን በር ማስፋት ትርጉም የለውም።

ስለዚህ በሰማያዊና ነጭ ላዳዎች ዘመን የሠለጠነው አዛውንት መካኒክ «ፊልትሮ ቀይር፣ ቤንዚን ትቆጥባለህ» ሲል እውነቱን ነበር። ምክሩ ትክክል ሆኖ ሳለ መኪናው ተለወጠ።

ጆሮ እንዴት ያታልላል?

ተማሪዬ እዚህ ላይ አቋረጠኝ። «ታዲያ የገጠሙት ጓደኞቼ ሁሉ መኪናቸው እንደተሻለች ይምላሉ። ሁሉም ይዋሻሉ ማለት ነው?»

አይዋሹም። ይህን የምለው እኔም ከመሐላዎቹ አንዱ ስለነበርኩ ነው። በውጭ አገር የዶክትሬት ተማሪ ሳለሁ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ገንዘብ አዋጥተን አሮጌ መኪና ገዛን። የፊልትሮውን ሳጥን አውጥቼ ገላጣ ፊልትሮ ገጠምኩ። መኪናዋ ነዳጅ ስትረገጥ ታገሣ ጀመር፤ እኔም እንደፈጠነች አልተጠራጠርኩም። ጓደኛዬ ግን የሙከራ ፊዚክስ ሰው ነበርና ሰዓት መቁጠሪያ ይዞ አንድ ዳገት ላይ ወሰደኝ። በአዲሱም በአሮጌውም እየቀያየርን ደጋግመን ለካን። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአንዱ ዕቃ ብቻ በተደጋገሙት ልኬቶች መካከል ካለው ልዩነት አልበለጠም። በዚያ ዳገት ላይ የተሰማኝን ኀፍረት ዛሬም ስለ ልኬት ስሕተት ሳስተምር አስታውሰዋለሁ።

ያታለለኝ ድምፁ ነው። ቫልቮች ሲከፈቱና ሲዘጉ በአየር ቱቦው ውስጥ የድምፅ ሞገድ ይፈጠራል። መኪና ሠሪዎች ይህን ለማፈን ሳጥኑን ሰፊ ያደርጉታል፤ ከቱቦው ጎንም ባዶ እቃ የሚመስሉ ጉድጓዶች ያያይዛሉ። እነዚህ በጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ በኸርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ስም የሚጠሩ አስተጋቢዎች ናቸው። በአፉ ላይ ስንነፋበት የሚያፏጭ ጠርሙስ በዚሁ ሕግ ይሠራል። ብዙ ጋራዦች «ጥቅም የለውም» ብለው የሚጥሉት ያ ባዶ ዕቃ ድምፅ የሚውጥ፣ አልፎ አልፎም በተወሰነ ዙር ላይ የሲሊንደሩን አሞላል የሚያግዝ ነው። ሲወጣ ጩኸቱ ይጨምራል፤ ጆሯችንም ጩኸትን ጉልበት አድርጎ ይተረጉመዋል። የከፈልነው ገንዘብ ደግሞ ትርጓሜውን ያጸናዋል።

ከሁሉ የከፋው፦ አቧራ

እስካሁን ያየነው ኪሳራ ጥቂት የፈረስ ጉልበትና የተወሰነ ገንዘብ ነው። የቀረው ግን ሞተሩን ራሱን የሚነካ ነው።

1 ሊትር ቤንዚን ለማቃጠል 11 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልጋል፤ ይህም በአዲስ አበባ 12 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። በ40 ሊትር ቤንዚን የሚያልፈው አየር ወደ 480 ሜትር ኩብ ይደርሳል፤ ሦስት የመማሪያ ክፍሎችን የሚሞላ አየር ነው። መንገዱ ጠጠርና አፈር ከሆነ ይህ ሁሉ አየር አቧራ ተሸክሞ ይመጣል። በአቧራ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ ይቀመጣል፤ በፒስተን ቀለበቶችና በሲሊንደር ግድግዳ መካከል ሲገባ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቃል።

አየር በቀላሉ እንዲያልፍ ሲባል ቀዳዳዎቹ የሰፉ ፊልትሮ አቧራም በቀላሉ ያሳልፋል። 99.5 ከመቶ የሚይዝ ፊልትሮና 98 ከመቶ የሚይዝ ፊልትሮ በስም ሲጠሩ ተቀራራቢ ይመስላሉ። 10 ግራም አቧራ ቢመጣባቸው ግን የመጀመሪያው 0.05 ግራም፣ ሁለተኛው 0.2 ግራም ያሳልፋሉ። ሁለተኛው ሞተር አራት እጥፍ አቧራ በላ ማለት ነው። ዘይት የሚቀባ ፊልትሮ ሲሆን ደግሞ ዘይቱ ከመጠን ካለፈ አየሩን የሚለካውን ቀጭን የጋለ ሽቦ ሊያቆሽሽና ኮምፒውተሩን ሊያሳስት ይችላል።

መቼ ይጠቅማል?

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን የሚጠቅምበትንም እንናገር። ለውድድር በተሻሻለ፣ ከመጀመሪያው እጅግ የበለጠ አየር በሚስብ ሞተር ላይ የፋብሪካው ቱቦ በእርግጥ ሊጠብ ይችላል። በቱርቦ በሚሠራ ሞተርም ከመጭመቂያው በፊት የተረፈ ግፊት አብሮ ስለሚባዛ ትርፉ ከፍ ይላል። ቀዝቃዛ አየር ከውጭ የሚስብ፣ በደንብ የተከለለ ሳጥን ያለው ዕቃ ከገላጣው ይሻላል። በገጠር መንገዶቻችን ላይ በላንድክሩዘሮች ጎን ወደ ጣሪያ የወጣው ቱቦም ጥሩ ምሳሌ ነው። ጉልበት ባይጨምርም ከጎማዎቹ አቧራ ከፍ ብሎ ንጹሕና ቀዝቀዝ ያለ አየር ስለሚስብ የሞተሩን ዕድሜ ያረዝማል።

በራሳችሁ ለኩት

የእኔን ግምት ከማመን ይልቅ መለካት ለምትፈልጉ ቀላል ዘዴ አለ። 3 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀጭን ብርሃን አስተላላፊ ጎማ ውሰዱና በሰሌዳ ላይ እንደ ዩ ፊደል አጥፋችሁ እሰሩት። እስከ ግማሹ ቀለም የተቀላቀለበት ውኃ ሙሉበት። አንዱን ጫፍ ክፍት ተዉት፤ ሌላውን በፊልትሮውና በስሮትሉ መካከል ካለው ቱቦ ጋር አገናኙት። ከስሮትሉ በኋላ ግን ፈጽሞ አታገናኙት፤ በዚያ ያለው የግፊት ልዩነት ውኃን በርካታ ሜትሮች ሊስብ ስለሚችል ውኃው ወደ ሞተሩ ይገባል። ከዚያም ነጻ በሆነ ጎዳና በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ሲረገጥ የሁለቱን ዓምዶች ልዩነት ሌላ ሰው ያንብብ። ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ አይንቀል። 10 ሳንቲ ሜትር ልዩነት 1 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ያነበባችሁትን ለ76 አካፍሉ፤ ማንኛውም ቱቦ ከዚያ በላይ ሊሰጣችሁ አይችልም።

ተማሪዬ ጎማና ሰሌዳውን ከቤተ ሙከራችን ተውሶ ሄደ። ከሳምንት በኋላ ሲመልስልኝ ስለ ቱቦው አላነሣም። ሶማሌ ተራ ሄዶ በመጠኑ ልክ የሆነ የወረቀት ፊልትሮ እንደገዛና የተበላውን የፊት ፍሬን ሸራ እንዳስቀየረ ነገረኝ። የቀረው ገንዘብ በቁጠባ ደብተሩ አለ። ሰሌዳው አሁንም በቤተ ሙከራችን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ መዋስ የሚፈልግ ተማሪ ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ የለካውን ጽፎ እስከመለሰልን ድረስ።